ፎቶግራፉ መጥቷል፤ ደብተሩስ?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ምሳሌ። ይህን ምሳሌ የተናገሩት አባቶች የኖሩበት ዘመን፥ የሰው ዓይን ከሰፈሩ ጋራ ማዶ የማያልፍበት ዘመን ስለ ነበረ፥ ቃሉ እውነት ነበረ። ዛሬ ግን ምሳሌው ተገልብጧል። ዛሬ በዳምቦያ ገበያ ዳር የቆመ ወጣት፥ የቢላቴን ወንዝ ተሻግሮ የጎረቤቱን የሐላባን አገር እንኳ በቅጡ ሳያይ፥ የፈረንሳይን የባሕር ዳርቻ በመዳፉ ይዞ ይመለከታል። ያላየው አገር ይናፍቀዋል፤ የሚያየው አገር ይሰለቸዋል።

በስልኩ የሚመለከተው ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ነው። ጣራው የተከፈተ ቀይ አውቶሞቢል ከገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ከበስተኋላው የሜዲቴራኒያን ባሕር እንደ መስተዋት ያበራል። መኪናውን ተደግፎ፥ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚስቀው ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ ከዚሁ ከከምባታ ወይም ከሐዲያ ወጥቶ በአውሮፓ የሚኖር የአገር ልጅ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር «ዕረፍት ላይ ነኝ» የሚል ቃል ተጽፏል። ከዚያ በቀር ምንም የለም።

በዚህ ጽሑፍ ከዕረፍት ጋር አልከራከርም። ሠርቶ የደከመ ሰው ማረፍ ይገባዋል፤ እግዚአብሔር ያሳመረውን አገር ዞሮ ማየትም ነውር የለበትም። ከመኪናውም ጋር ጠብ የለኝም። ክርክሬ ፎቶግራፉን ብቻውን ከሚልከውና ብቻውን ከሚቀበለው ጋር ነው። ያ በመኪናው ላይ ተደግፎ የሚስቀው ሰው፥ ጉዞውን ከማድረጉ በፊት ብዙ ወራት የጻፈበት የመንገድና የሒሳብ ደብተር ነበረው። ደብተሩን ግን በመሳቢያ ቈልፎ ፎቶግራፉን ብቻ ላከ። የተቀበለውም ወጣት ደብተሩን አልጠየቀም። ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችንን በሰው አገር ጫካና በባሕር ውስጥ የሚያስቀራቸው ይህ ያልተላከና ያልተጠየቀ ደብተር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቃል የከበደ መስሎ ቢታይህ ጥቂት ታግሠህ ተከተለኝ።

በመጀመሪያ የዚያ ዳርቻ ውበት ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ፈረንሳዮች ኮት ዳዙር ይሉታል፤ ትርጓሜው ሰማያዊ ዳርቻ ማለት ነው። ስሙ የታወቀው ስቴፈን ሊዬዣር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1887 በዚሁ ስም መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ነው። ባሕሩንና ተራራውን እግዚአብሔር ፈጠረ፤ መንገዱን ግን ሰው በላቡ ሠራው። በኒስ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፥ የእንግሊዞች ጐዳና እየተባለ የሚጠራው የባሕር ዳር መንገድ፥ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ጽኑ ብርድ ሆኖ ብዙ ችግረኞች ወደ ከተማይቱ ስለ ጎረፉ፥ ብርዱን ሸሽተው በዚያ የሚከርሙ እንግሊዞች «ምጽዋት ከምንሰጣቸው ሥራ እንስጣቸው» ብለው ተማክረው፥ ችግረኞቹን በደመወዝ አሰማርተው መንገዱን አስጀመሩ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ጐዳና መጀመሪያ ድንጋይ ያነጠፈበት የተራበ ሰው እጅ ነው።

ከሳን ራፋኤል ተነሥቶ በቀያዮቹ ቋጥኞች ሥር ወደ ካን የሚያመራው መንገድም እንዲሁ በፈረንሳይ የቱሪንግ ክለብ ጥረት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1903 ተከፈተ። ከኒስ እስከ ማንቶን ደግሞ ሦስት መንገዶች እንደ እርከን አንዱ ከሌላው በላይ ተጠርበዋል፤ ከሁሉ በላይ ያለውን ያስጀመረው ናፖሌዎን ነው።

ዕረፍቱም ቢሆን እንደ መንገዱ ተደክሞበት የተገኘ ነው። በፈረንሳይ አገር እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ የሚያርፍበት ጊዜ አልነበረውም። በዚያ ዓመት፥ ማለት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘችበት ዓመት፥ የፈረንሳይ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከታገሉ በኋላ፥ ለሠራተኛ ሁሉ በዓመት የ15 ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲሰጥ ሕግ ወጣ። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው የጥቂት ቀን ሳቅ፥ የቀረው ዓመት ሙሉ የድካም ዋጋ ነው። ሳቁን ያየ ድካሙን ካላየ ግማሹን ነገር እንጂ ሙሉውን አላየም።

አሁን ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በዳምቦያ ከአንድ ቤት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። ታላቁ በአንድ የአውሮፓ ከተማ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ፥ በሌሊት ተራ በመጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ያድራል። ታናሹ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ጨርሶ በአባቱ ቤት ተቀምጧል። ታላቁ በዚያ በሰማያዊው ዳርቻ ስምንት ቀን በመኪና ለመዞር ተመኘ። ታዲያ ምን አደረገ? ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ለስምንት ወር ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት አስቀመጠ። በጥር ወር ደግሞ ደብተር ገዝቶ ስድስት ጥያቄዎች ጻፈበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ፈረንጁ ሁሉ ወደ ባሕር ስለሚወርድ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል፤ የመኝታውም ዋጋ ይወደዳል። ስለዚህ ግንቦትን መረጠ።

ሁለተኛው «ስንት ኪሎ ሜትር?» የሚል ነው። ከሳን ራፋኤል እስከ ማንቶን በባሕሩ ዳር ቢሄዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ያለውን መንገድ እኩሌታውን እንኳ አይሞላም። እርሱ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ መሆኑን ተረድቶ፥ የእያንዳንዱን ቀን ጉዞ በመጠን ከፋፈለ።

ሦስተኛው «በምን?» የሚል ነው። የመኪናውን ኪራይ፥ ኢንሹራንሱን፥ ለመያዣ የሚታገደውን ገንዘብ፥ የነዳጁን፥ የመኪና ማቆሚያውንና የፈጣኑን መንገድ ክፍያ አንድ በአንድ ጻፈ። በፈጣኑ መንገድ በሰዓት ከ130፥ ዝናም ሲጥል ከ110፥ በከተማ ውስጥ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሰው እንደሚቀጣ በማስታወሻው ያዘ።

አራተኛው «የት አድራለሁ?» የሚል ነው። በዚህ ገጽ የየሌሊቱን ማደሪያ ስም፥ ዋጋውንና የሚገባበትን ሰዓት ጻፈ።

አምስተኛው «ክፉ ቢደርስብኝስ?» የሚል ነው። በመስከረም 3 ቀን 1975 ዓ.ም. የሞናኮ ልዕልት ግሬስ፥ ቀድሞ በሲኒማ ሥራዋ በዓለም የታወቀችው፥ ከተራራው ወደ ሞናኮ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናዋ ገደል ገብቶ በማግሥቱ አርፋለች። ገደል ልዕልትን ከገበሬ አይለይም። ስለዚህ ታላቅ ወንድም አደጋ ሲደርስ የሚደወልበትን 112 ቁጥርን ጻፈ፤ የኢንሹራንሱንም ወረቀት በኪሱ አደረገ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው «መቼ እመለሳለሁ?» የሚል ነው። መኪናውን የሚያስረክብበትን ሰዓትና ወደ መጋዘኑ የሚገባበትን ሌሊት ጻፈና ደብተሩን ዘጋ።

በቪዛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለሽርሽር የሚሄድ ሰውማ፥ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ እግሩን ከአገሩ አያነሣም። ማመልከቻውን ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ማግባት፥ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ መያዝ፥ የት እንደሚያድር፥ በምን ገንዘብ እንደሚኖርና በምን እንደሚመለስ በወረቀት ማስረዳት አለበት። ለስምንት ቀን ደስታ ይህን ያህል ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ታላቅ ወንድም ሄደ። በአምስተኛው ቀን በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሣ። በስምንተኛው ቀን መኪናውን አስረክቦ በሌሊቱ ወደ መጋዘኑ ገባ። ፎቶግራፉ ግን በዓይን ጥቅሻ ዳምቦያ ደረሰ።

ታናሹ አየና «ጋሼ አልፎለታል» አለ። መኪናው የማን እንደ ሆነ አላወቀም፤ የተጻፈ ነገር አልነበረምና። የስምንት ቀን ኪራይ የነበረውን የወንድሙ ሀብት መሰለው። ዕለቱን እንቅልፍ አጣ። በማግሥቱም ወደ ደላላው ሄደ።

እስቲ እነዚያኑ ስድስት ጥያቄዎች በደላላው ፊት እናቅርብ። «መቼ?» ብትለው «ሲደወልልህ ትነሣለህ» ይላል። «ስንት ኪሎ ሜትር?» ብትለው «ምን አለው፥ ቅርብ ነው» ይላል። «በምን?» ብትለው «መኪና ተዘጋጅቷል» ይላል። «የት አድራለሁ?» ብትለው «የኛ ሰዎች ይቀበሉሃል» ይላል። «ክፉ ቢደርስብኝስ?» ብትለው «ምን በክፉ ታነሣዋለህ፥ አፍህን በመልካም ክፈት» ብሎ ይገሥጽሃል። ስድስተኛውን ጥያቄ፥ «መቼ እመለሳለሁ?» የሚለውን፥ ጠያቂም የለው፥ መላሽም የለው። ለዚህ መልስ የሚከፈለው የአባት በሬ፥ የእናት ላም፥ የዘመድ ብድርና የመሬት መያዣ ነው።

ፎቶግራፉ የተነሣው በሰሜን ነው። ደላላው ግን የሚነግደው ባለው መኪና ስለሆነ፥ ከሐዲያና ከከምባታ የሚነሣውን ወጣት አብዛኛውን ወደ ደቡብ ይነዳዋል። በሞያሌ አድርጎ፥ በኬንያና በታንዛንያ፥ ከዚያም በማላዊና በሞዛምቢክ ወይም በዛምቢያና በዚምባብዌ እስከ ደቡብ አፍሪካ፥ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ታላቅ ወንድም ለመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ብዙ ወራት ሲያስብ ከረመ፤ ታናሽ ወንድም ለ4,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሌሊት አሰበ።

በዚህ መንገድ ላይ የደረሰውን ጥቂቱን ብቻ ላንሣ። በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም. በታንዛንያ በዶዶማ ግዛት፥ በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሬሳ በጫካ ተጥሎ ተገኘ። በመጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፥ በተጫነው ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው 14 በሕይወት ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በማላዊ በምዚምባ አውራጃ በጫካ ውስጥ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ 25 ሰዎች ተገኙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በታኅሣሥ 2 ቀን በዛምቢያ ከሉሳካ ከተማ ዳር፥ 27 ሬሳዎች እንደ ጥራጊ ከመንገድ ዳር ተጥለው ታዩ። እነዚህም ሁሉ በመኪና የተጓዙ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱ የፎቶግራፉ መኪና ጣራው የተከፈተ፥ የነርሱ መኪና ግን በሩ በውጭ የተቀረቀረ መሆኑ ነው።

በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ወደዚያው ወደ ሜዲቴራኒያን የሚሄደውም ወጣት፥ የሚያገኘው ባሕር የፎቶግራፉን ባሕር አይደለም። በመስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ከላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ፥ የደሴቲቱ መብራት እየታየ፥ አንዲት ጀልባ ተቃጥላ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙት ወንድሞቻችን ኤርትራውያን ነበሩ። በሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሊቢያ ሲታረዱ ዓለም ሁሉ በፊልም አየ፤ አንዳንዶቹ የተሠዉት በዚያው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በሜዲቴራኒያን የሞቱትና የጠፉት ሰዎች ቍጥር ከ30,000 በላይ ሆኗል። ባሕሩ አንድ ነው። በሰሜኑ ዳርቻ ሰዎች ምሳ የሚበሉበትን ጠረጴዛ አስቀድመው ይይዙበታል፤ ከደቡቡ ዳርቻ የሚነሣው የሚመለስበትን ቀን ሳያውቅ ይገባበታል።

የዚህ ጽሑፍ ተቃዋሚዎች የሚያነሡትን ክርክር አውቃለሁ፤ ሦስት ነው። አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው ተቃዋሚ «ዕቅድ የባለጸጋ ነገር ነው፤ ለድኻ ያለው ዕድል ብቻ ነው» ይላል። ይህን የሚል ሰው የእንሰት አገር ልጅ መሆኑን ረስቷል። እስቲ እናትህን ጠይቃት። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ዛሬ አይበላም። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ፥ ፍግ እየለበሰ፥ አምስትና ስድስት ዓመት ይጠበቃል። ከተፋቀም በኋላ በጉድጓድ ተቀብሮ እስኪብላላ ይቆያል። እናትህ በያመቱ የምትተክለው፥ በያመቱ የደረሰ እንዳይታጣ አስባ ነው። ፊደል ሳትቈጥር የስድስት ዓመት ደብተር በጓሮዋ ጽፋለች። ይህች ሴት ድኻ ናት፤ ነገር ግን በዕድል አልኖረችም። ደግሞስ አስተውል፤ ባለጸጋ በመንገድ ቢሳሳት ዕረፍቱ ይበላሽበታል፤ ድኻ ቢሳሳት መሬቱን ወይም ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ ከባለጸጋው ይልቅ ዕቅድ የሚያስፈልገው ለድኻው ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «በሆሳዕናና በዱራሜ የቆመውን ፎቅ ማን ሠራው? ከውጭ አገር የመጣ ገንዘብ አይደለምን?» ይላል። አዎን፥ ብዙው እንዲሁ ነው፤ እውነትን አልክድም። በከምባታ ምድር መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡ ብዙ መሆኑንም አውቃለሁ። አባቱ የሚያካፍለው መሬት የሌለው፥ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት መሄድን ቢያስብ ሰነፍም ሞኝም አልለውም። የምለው ሌላ ነው። ፎቅ በከተማ መካከል ቆሞ ይታያል፤ የምዚምባ ጫካ መቃብር ግን ከሆሳዕና አይታይም። የደረሰው ሰው ፎቶግራፍ ይልካል፤ ያልደረሰው ምን ይልካል? እንግዲህ የተሳካላቸውን ብቻ ቈጥሮ የሚያደላድል ሰው፥ ገቢውን ጽፎ ወጪውን እንደሚተው ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ነጋዴ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ያተረፈ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ራሱ ታላቅ ወንድም ነው። እርሱ የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። «ደስታዬን ለዘመዶቼ ማካፈሌ ኃጢአት ነውን? የሌሊት ሥራዬን፥ የቤት ኪራዬን፥ ብቸኝነቴን ብጽፍ እናቴ ታለቅሳለች። እርሷን ላለማስጨነቅ መልካሙን ብቻ ብልክ ምን በደልሁ?» ይላል። ይህ የፍቅር ቃል ነው፤ ፍቅሩንም አከብራለሁ። ነገር ግን ልጠይቅህ፥ ወንድሜ! እናትህ ስለ አንተ ድካም አንድ ቀን ብታለቅስና፥ ታናሽ ወንድምህ ሲቀርባት ዕድሜዋን ሙሉ ብታለቅስ፥ የትኛው ይከፋል? ደግሞስ እውነቱን ለመናገር ዝም ያሰኘህ የእናትህ እንባ ብቻ ነውን? መኪናው የኪራይ መሆኑ ቢታወቅ፥ ለመስቀል ወደ አገር ስትገባ ሰው የሚነሣልህ አነሣሥ እንዳይቀንስ አልፈራህምን? አንተ ለክብርህ የደበቅኸው አንድ ቃል፥ ለታናሽ ወንድምህ የገደል ምልክት ሊሆነው ይችል ነበር። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ምልክት ነቅሎ የሚሄድ ሰው፥ ገፍቶ ባይጥልም ከገደሉ ወገን ነው።

እናንተም አባቶች ከዚህ ነገር ንጹሓን አይደላችሁም። «የእገሌ ልጅ ፎቅ ሠራ፤ የእኔው እሳት ዳር ይሞቃል» እያላችሁ በዕድርና በገበያ የምትናገሩት ቃል፥ ከደላላው ቃል ይልቅ ልጃችሁን ይገፋዋል። ደላላው ከበር ላይ ቆሞ ይጠራል፤ አባት ግን ከቤት ውስጥ ያስወጣል። ልጁ ሳይነግራችሁ በሌሊት የወጣው ከእናንተ ንግግር ሸሽቶ እንደ ሆነስ?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ምክሬ አጭር ነው።

በውጭ የምትኖር ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ሆይ! ዕረፍ፤ ተደሰት፤ ባሕሩንም ተመልከት። ፎቶግራፉንም ላክ። ከፎቶግራፉ ሥር ግን እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ይህ መኪና የኪራይ ነው። ለስምንት ቀን ጉዞ ስምንት ወር አስቀምጫለሁ። ከነገ ወዲያ በሌሊት ወደ ሥራዬ እገባለሁ።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ናት። ደስታህን አትቀንስብህም፤ የምታድነው ሰው ግን ሊኖር ይችላል። ለመስቀልም ስትመጣ፥ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበህ አቀባበሉን ካሳየሃቸው በኋላ፥ የደመወዝህን ወረቀትና የቤት ኪራይህን ደረሰኝ አሳያቸው። ከቀይ መኪና ይልቅ ይህ ያስተምራል።

አንተም በዳምቦያ ያለህ ወጣት፥ አንቺም እኅቴ! መሄድን አትከለከሉም። ሰው በአገሩ ብቻ ይኑር የሚል ሕግ የለም፤ በሕጋዊ መንገድ ውጭ አገር ሄዶ ለመሥራትም ሆነ ለመማር በሩ ጠባብ ቢሆን አልተዘጋም። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የሚያሻግረውን ደላላ ግን የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በብርቱ ይቀጣዋል። ከየትኛውም ጉዞ በፊት ስድስቱን ጥያቄዎች በደብተራችሁ ጻፉ፦ መቼ? ስንት ኪሎ ሜትር? በምን? የት አድራለሁ? ክፉ ቢደርስብኝስ? መቼ እመለሳለሁ? ከዚያ «እወስድሃለሁ» ለሚለው ሰው አንብቡለትና በፊታችሁ መልሱን በፊርማው እንዲጽፍ ጠይቁት። እውነተኛ ከሆነ ይጽፋል። ቢቈጣ፥ ቢያሾፍ፥ «አንተ ፈሪ ነህ» ቢላችሁ፥ መልሱን አግኝታችኋል። ከስድስቱ አንዱ መልስ ያልተገኘለት መንገድ ገና አልተጠረገምና እግር አይነሣበት።

ይህም ልማድ እንዲሆን በትንሹ ተለማመዱት። ለምሳሌ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የቆመውን የሐምበሪቾን ተራራ 777 ደረጃ ለመውጣት አስቡ። መቼ እንደምትነሡ፥ የመኪናው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፥ ዝናም ቢመጣ የት እንደምትጠለሉ፥ በስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምትገቡ ጻፉ። የአንድ ቀን መንገድ አስቦ መሄድን ያወቀ ሰው፥ የሕይወት ዘመን መንገድ ሲመጣበት ብዕሩን ለደላላ አሳልፎ አይሰጥም። የሙያ ትምህርት ቤት ለመግባትም፥ ሱቅ ለመክፈትም፥ ለማግባትም ያው ስድስቱ ጥያቄ ያገለግላል። ጥያቄ መጠየቅ ፍርሃት የሚመስለው ሰው፥ ድፍረትንና ዕውርነትን ለይቶ አላወቀም።

በመጨረሻ፥ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከዚያ ከሰማያዊው ባሕር ዳር አንድ ፎቶግራፍ ይመጣልሃል። አትቅና፤ አትቈጣም። ታላቅህን በሚገባው ክብር ሰላም በለውና እንዲህ ብለህ መልስለት፦ «ጋሼ፥ እንኳን ደስ አለህ፤ ዕረፍቱ ይገባሃል። አሁን ደግሞ ደብተሩን ላክልኝ።»